አራተኛው እቅፍ

ለምራቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ከሪዮባ ወሊድ ወዲህ ቀን ከሌት የሚጠዘጥዝሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቶ መጣና ሲመጣም መውረዱን እንጂ ማባራቱን ረስቶ ካሳቫውን መሬት ውስጥ አበሰበሰው። ልጆቹ ደህና ናቸው። ማጊጌ የፊት ጥርሶቹን ጥሎ ሲያወራ ያፏጫል። ኒያንጊ ቁመት ጨምራለች፣ ባለፈው ዓመት የሰፋሽላት ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል። ሪዮባን ሳል ይዞት ነበር፣ አሁን ለቆታል።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ዌጌሳ ናት። ጎረቤታችንን እንኳን አንቺ አገር ያውቃታል፤ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ደረቅ ዓሣ ልትገዛ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ሐይቁ ስለምትወርድ ለእሷ ሰጠኋት። ያለሽበትን ከተማ ስም እዚህ አልጽፈውም። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ክተቺው። ፊደሌ ከጎልማሶች ትምህርት የቀረኝ ነውና ቢንጋደድብሽ ታገሺኝ፤ ሰው እንዲጽፍልኝ የምሰጠው ነገር አይደለም።

ዘጠኝ ወር ዝም ብላ ከርማ ስለ ዶሮ ትጽፍልኛለች ትይኝ ይሆናል። በይ። ከዶሮዎችሽ ካልጀመርኩ ወደ ሌላው መድረስ አልችልም።

ትተሻቸው ከሄድሽው ከሦስቱ ሁለቱን ፈንግል ጨረሳቸው። ገብስማዋ ብቻ ተረፈች። ዝናብ ሊገባ ሲል ባዶ ቅርጫት ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ ላባዋን ነፍታ፣ እጄን ባስጠጋሁ ቁጥር እየነከሰችኝ። ዶሮ ያንቺ ሥራ ነበር፣ የእኔ ከብት ነው፤ ምን እንደማደርጋት አላወቅሁም። በዚያው ሰሞን የግብርና ሠራተኛዋ መጥታ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰበሰበችን። ዶሮ ጫጩት ስታሳድግ ሁለት ሦስት ወር እንቁላል እንደማትጥል፣ ስለዚህ በፈለፈለች ቀን ጫጩቶቹን ወስደን ሌላ እንቁላል ብናስታቅፋት ያለ እረፍት እንደምትፈለፍልልን፣ ጫጩቶቹን ግን እኛው ማሳደግ እንዳለብን ነገረችን። ሁለቴ እንጂ ከዚያ እንዳያልፍ፣ በመሃሉም በደንብ እንድንቀልባት አስጠንቅቃን ነበር። እሱን ጆሮዬ አልያዘውም። የፊተኛውን ሰምቼ ደስ ብሎኝ ለዌጌሳ ‹‹አየሽ፣ እኔ በምራቴ የማደርገውን መንግሥት ዛሬ አስተማረው›› አልኳት። እሷ አልሳቀችም። ‹‹ምራትሽ የት አለችና?›› አለችኝ።

በአንቺ ያደረግሁትን አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን አንድ ጊዜ በገዛ እጄ ልጻፈው። አራት ሴት ልጆች ወለድኩ፣ አራቱም አግብተው ሄዱ፣ ባሌ ሞተ፣ ቤቱ ያለ ወንድ ሊዘጋ ሆነ። እንደ አገራችን ወግ ከብቴን ነዳሁና፣ የምትወልጂው ሁሉ የቤቴ ልጅ እንዲባል፣ ላልወለድኩት ወንድ ልጄ አንቺን አገባሁለት። ሃያ ዓመትሽ ነበር። እየመጣ የሚያድረውን ሰውዬም የመረጥኩልሽ እኔ ነኝ፣ አንቺን ማንም አልጠየቀሽም። ማጊጌን በዘጠኝ ወሩ ከጡትሽ አስጣልኩና ወደ አልጋዬ ወሰድኩት፣ ቶሎ እንድታረግዢ ብዬ። ኒያንጊንም እንደዚያው። ሪዮባን በሰባት ወሩ። ሦስቱም አፋቸውን ሲፈቱ እናቴ ብለው የጠሩት እኔን ነው፣ ያን ጊዜ ፊትሽን አይቼዋለሁ፣ አይቼም እንዳላየ ሆኛለሁ።

አራተኛውን አርግዘሽ አምስት ወር ሲሆንሽ ላም እያለብኩ መጥተሽ አጠገቤ ቆምሽ። ‹‹እማማ፣ ይሄኛው እግሩ እስኪጠና ድረስ እኔ ጋ ይደር›› አልሽኝ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁሽም። ‹‹ያንቺ ሥራ መውለድ ነው፣ ማሳደጉን ለእኔ ተይው›› አልኩሽ። በማግስቱ ዳጉሳ ተሸክመሽ ወፍጮ ቤት ወረድሽ። ዱቄቱን ሰው አመጣልኝ፣ አንቺ አልመጣሽም።

ወደ ዶሮዋ ልመለስ። ከዌጌሳ ቤት አሥራ ሦስት እንቁላል አምጥቼ አስታቀፍኳት፣ አሥራ አንድ ፈለፈለች። ሲመሻሽ ጫጩቶቹን ከሥሯ አንድ በአንድ ለቅሜ ሌላ አሥራ ሦስት ተካሁላት። ድምፃቸውን ከወዲያኛው ክፍል እየሰማች ቅርጫቱን ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ ገብታ ተቀመጠች። ጫጩቶቹን ካርቶን ውስጥ አድርጌ ፍም ያለበት ገል በአመድ ሸፍኜ አጠገባቸው አኖርኩላቸው። ብርዱ ሲበረታ ተደራርበው አራቱ ታፍነው ሞቱ። ለቀሩት ልጆቹ ምስጥ እየቆፈሩ ያመጡ ነበር። ኒያንጊ ከካርቶኑ አትነሳም፤ አንድ ቀን እናታቸው የት እንደሆነች ጠየቀችኝ። ቅርጫቱ ውስጥ አልኳት። ታዲያ ለምን አትመጣም አለችኝ። ሥራ ላይ ናት አልኳት። ትንሽ አሰበችና ‹‹የእኛስ እናት ሥራ ላይ ናት?›› አለችኝ። በጥፊ አልኳት። እጄ ለምን እንደተነሳ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለተኛውን ዙር ዘጠኝ ፈለፈለች። ሦስተኛውን ስድስት። ግቢው ጫጩት በጫጩት ሆነ። የባሌ ወንድም ኬሄንጉ ሊጠይቀን ብቅ ባለ ቁጥር ‹‹የወንድሜ ሚስት፣ እጅሽ ይባረክ፣ ቤትሽ ሞላ›› ይለኝ ነበር፣ እኔም ልቤ ያብጥ ነበር። በሦስተኛው መጨረሻ ገብስማዋን ላነሳት ስል የያዝኩት ላባ ብቻ መሰለኝ፣ የደረቷ አጥንት ጣቴን ወጋኝ። ዌጌሳ ቆማ ታይ ነበርና ‹‹አንቺ ሴትዮ፣ ልቀቂያት እንጂ፣ ለሾርባ እንኳ የሚሆን ሥጋ አልተረፋት›› አለችኝ። እኔ ግን እልህ ያዘኝ፤ እንደምንም አራተኛውን ልጨምር ብዬ አሥር እንቁላል አስገባሁላት። እሷም እሺ አለች። ዶሮ እምቢ ማለት አታውቅም፣ እኔም ሰው እንደሚያውቅ የረሳሁ ሴት ነበርኩ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ውኃ ሳመጣላት አልተንቀሳቀሰችም። ክንፎቿን እንደዘረጋች ሞታለች። እንቁላሎቹ ግን አልቀዘቀዙም። አንዱን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ባደርገው ከውስጥ ይሰማል፣ በቀጭኑ ሲጮኽ። በሰፈሩ ሌላ የታቀፈች ዶሮ አልነበረችም። ምን ላድርግ? ቀሚሴን ፈትቼ ከጡቴ ሥር ደርድሬ በጨርቅ ታጥቄ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን። አልተኛሁም፣ ጎኔን አላሳረፍኩም። ማጊጌ ገንፎ አብርዶ በእጁ አጎረሰኝ። ሲሰነጠቁ ቆዳዬ ላይ ነው የወጡት፣ እርጥብ ሆነው እየተንቀጠቀጡ። አምስት ወጡ። ኒያንጊ ልትቀበለኝና ወደ ካርቶኑ ልትወስዳቸው እጇን ብትዘረጋ፣ ሳላስበው በሁለት እጄ ሸፈንኳቸው። ከዚያ አለቀስኩ፣ ባሌ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ምራቴ፣ አንቺን ከዶሮ ጋር እያወዳደርኩሽ አይደለም፣ ስድብ እንዳይመስልሽ። ዶሮዋ ግን ያንቺ ነበረች፣ የገደልኳትም እኔ ነኝ።

ወር ሳይሞላ ኬሄንጉ መጣ። የጭነት መኪና ላይ የሚሠራ አንድ ልጅ ሐይቁ ዳር ዓሣ ስትጠርጊ አይቶሽ፣ ጀርባሽ ላይ ሕፃን እንዳለም ነግሮታል። ‹‹ከብት የወጣበት ማህፀን ነው፣ ልጁ የቤታችን ነው፤ ጎረምሶቹን ልኬ አስመጣዋለሁ›› አለ። አንቺን መልሶ ማምጣቱ ግድ የለውም፣ ልጁን ነው የፈለገው። እኔ እሄዳለሁ አልኩት፣ ጎረምሶች ካየች ትሸሻለች ብዬ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልወስደው ነበር የሄድኩት። ጫጩቶቹ አሳመሙኝ እንጂ ገና አላስተማሩኝም ነበር፣ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ ቶሎ አይለወጥም። ማዘያ ጨርቅ ይዤ ነበር፣ ለመንገድ የሚሆን ወተትም በኩባያ።

ከከሰል ሻጯ ጆንያዎች ኋላ ቆሜ አየሁሽ። አላየሽኝም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ዓሣ ትጠርጊያለሽ፣ ልጁ ፊት ለፊትሽ ታስሮ ይጠባል። ጡቱን ሲለቅ ቢላዋሽን ታስቀምጪና በክርንሽ ቀና አድርገሽ መልሰሽ ታጎርሺዋለሽ፣ ከዚያ ሥራሽን ትቀጥያለሽ። አንዲት ሴትዮ፣ የዓሣው ባለቤት መሰለችኝ፣ እስክትጨርሺ ልያዝልሽ ብላ እጇን ዘረጋች። ሳቅ ብለሽ ራስሽን ነቀነቅሽና ዓሣ በነካው እጅሽ ሸፈንሽው። ያን ስታደርጊ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ፣ ከሰል ሻጯ ጮኸችብኝ። ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም ነበር፣ በስድስት ዓመት አንድ ቀን።

ወንድ ይሁን ሴት አላወቅሁም። እኔ፣ ስለ ወንድ ልጅ ብዬ የሰው ልጅ ያስቸገርኩ ሴት፣ አልጠየቅሁም። ወተቱን ለከሰል ሻጯ ልጅ ሰጥቼ በከሰዓቱ አውቶቡስ ተመለስኩ።

መንገዱን ሁሉ ለኬሄንጉ ምን እንደምለው ሳስብ ነው የመጣሁት። አጣኋት ብዬ ብነግረው ጎረምሶቹን ይልካል፣ እነሱ ደግሞ ከተማ ለከተማ ዞረው ያገኙሻል። አትመጣም ብዬ ብነግረው ልጁን በጉልበት ያመጡታል። በሕይወት እስካለሽ ድረስ አይተዉሽም። ስለዚህ ከአውቶቡስ ስወርድ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ እየጮኽኩ ገባሁ። የመኪናው ልጅ ያያት ሌላ ሴት ናት፣ የእኛዋ በወሊድ አለፈች፣ ሕፃኑም አልተረፈም፣ የማያውቋት ሰዎች ቀበሯት አልኩ።

ሬሳ ስለሌለ እንደ ወጋችን በምትኩ የሙዝ ግንድ ቆርጠን ያንን አረንጓዴ ልብስሽን አልብሰን ከቤትሽ በስተቀኝ ቀበርን። ራሴን ተላጨሁ፣ የልጆቹንም ላጨሁ። ለቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ የጮኸችው ዌጌሳ ናት፣ መሬት ላይ እስክትንከባለል፤ እኔን ቀና ብላ ስታየኝ ግን እንባ የላትም ነበር። እዚያ ሐይቁ ዳር ከእኔ በፊት አይታሽ ዝም ማለቷን የነገረችኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ኬሄንጉ አለቀሰልሽ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ለቤቱ ያሰበ መስሎት ነው።

ማጊጌ ግንዱ ጉድጓድ ሊገባ ሲል ጨርቁን ግለጡልኝና ፊቷን ልየው ብሎ ለመነን። ትልልቅ ወንዶች ዞር ብለው ቆሙ። ማን ይገልጥለታል? እኔ ይዤው ወደ ቤት ገባሁ፣ ደረቴን እየደበደበኝ። ኒያንጊ አላለቀሰችም። ሪዮባ አንቺን አያስታውስሽም፣ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።

እንግዲህ አትምጪ። ለበዓልም፣ ልጆቹ ናፍቀውሽም፣ እኔ ሞቼ ብትሰሚም። ገበያ እንኳ ወደዚህ አቅጣጫ አትውጪ። ሦስቱን ልላክልሽ ብዬ አስቤ ነበር፤ ለሙት ልጅ አይላክም፣ ደግሞም ፈራሁ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ እኔ ብቻዬን ስቀመጥ ታየኝ። ሦስቱን ወስጄ አንዱን ነው የተውኩልሽ። ይቅር በይኝ የምልበት አፍ የለኝም፣ አልልሽምም። ስለ እነሱ የምምልልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናታችሁ እንዴት ነበረች ብለው በጠየቁኝ ጊዜ ሁሉ እነግራቸዋለሁ፣ በጥፊ አልመታም።

መልስ አትጻፊልኝ፣ ከዌጌሳም ጋር አትላኪ። ጡትሽ አይንጠፍ። እጅሽ ሥራ አይጣ። የተከራየሽበት ቤት ባለቤት ልቧ ይራራልሽ። በእርጅናሽ የሚጦርሽ፣ ሲያስልሽ ውኃ የሚያቀብልሽ ልጅ ይሁንልሽ።

ስም ካላወጣሽለት አውጪለት፣ ሴትም ከሆነች አውጪላት። የፈለግሽውን ስም ስጪ። ከእኛ ቤት ስሞች ብቻ አይሁን።

አማትሽ የነበርኩት