የዘሊካ ጎመን በመሪጌታ ቤት

ወረታ፣ በታኅሣሥ ወር ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ውድ ወዳጄ የሱፍ፤

ሱቅህን ለእኅትህ ልጅ ለሳልህ ትተህ ወደ አሥመራ ከወጣህ ወዲህ ወረታ ሁለት ሰው ጎድሏታል፤ አንዱ ከእኔ ጋር የሚከራከር፣ ሁለተኛው ተከራክሮ የሚሸነፍ። ሁለቱም አንተው ነህ። ለአንተ፣ ለባለቤትህ ለዘሊካና ለልጆቹ ጤናና ሰላም እለምናለሁ። ይህ ደብዳቤ የሚላከው ለአንተ ይሁን እንጂ ጉዳዩ የዘሊካ ነው። እኔ ለሰው ሚስት ደብዳቤ የምጽፍ ሰው አለመሆኔን ታውቃለህና አንተ አንብብላት። ስታነብላት ግን እንደ ልማድህ በየመካከሉ እያቆምህ አትሣቅ፤ ነገሩ የሚያስቅ አይደለም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ርብ ከዳርቻው አልፎ ፎገራን ሁለተኛ ጣና አደረጋት። ውኃው ሲሸሽ ወባውን ትቶልን ሸሸ። ከወረታ እስከ ጉማራ ድረስ ትኩሳት ያልገባበት ቤት አልነበረም፤ ከእኔም ቤት ባለቤቴን ወለተ ሚካኤልን ጣላት። ትኩሳቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ለቀቃት። እህል ግን እምቢ አላት። ጎረቤት የላከው ሽሮ፣ ተልባ፣ አጥሚት፣ ሁሉም እንደ መጣ ይመለሳል። በዚህ ላይ ጾመ ነቢያት ገባ። የነፍስ አባታችን ቄሰ ገበዝ በላቸው መጥተው፣ «የታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ወተት ትጠጣ» ብለው ፈቀዱላት። እርሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ «በመሪጌታ ቤት ኖሬ ጾም ፈትቼ ልሙት?» አለቻቸው። እኔም በልቤ ኮራሁባት። ሆኖም ኩራቴ ክንዷን አላወፈረውም፤ ክንዷ ሸንበቆ አክሏል። ቄሰ ገበዝ ሲወጡ በደጃፍ ላይ እጄን ይዘው፣ «መሪጌታ፣ ይህች ሴት ካልበላች ለገና አትደርስልዎትም» አሉኝ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ።

«መሪጌታ።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«የዘሊካ ጎመን ቢሆን እበላ ነበር» አለችና ዓይኗን ከደነች።

የትኛውን ጎመን እንዳለች አንተ ታውቃለህ። ዘሊካ በየጾማችን በጥቅል ጎመን ቅጠል ሩዝ በሽንኩርትና በቅመም ጠቅልላ፣ በድስት ደርድራና ቀቅላ፣ ክዳኑን ሸፍና ይዛላት የምትመጣው፣ ምጽዋ ካለችው እናቷ የወረሰችው ምግብ ነው። ሁለቱ ሴቶች ጓዳ ተቀምጠው ሲበሉት እኔ በእልፍኜ ሽሮዬን እበላ ነበር። ከዚያ ድስት አንድ ቀን እንኳ አልቀመስሁም። ምክንያቴንም በሱቅህ ደጃፍ ነግሬሃለሁ፤ የተጠቀለለ ነገር ሁሉ የሚሸሽገው አለው፤ ጿሚ ሰው ውስጡን ያላየውን አይጎርስም። አንተም በገበያ ቀን፣ በሰው ፊት፣ «እንዲያ ከሆነ፣ መሪጌታ፣ ይህ ጥምጣምዎ ምን ሸሽጎ ይሆን?» ብለህ የአንበሳሜን ገበሬ ሳይቀር አሣቅህብኝ። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁህም። ገበያ የክርክር ስፍራ አይደለምና።

እንግዲህ ጎመኑን ማን ይሥራ? የሰፈሩ ሴቶች እያንዳንዳቸው የየቤታቸውን በሽተኛ ያስታምማሉ። ልጃችን አመተ ሥላሴ አንበሳሜ ላይ አማቷን ታስታምማለች። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ወንድ፣ ያውም መሪጌታ፣ ጓዳ ገብቶ ድስት ሲጥድ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ሆኖም መጽሐፍ የታመመን ጠይቅ አለ እንጂ በየትኛው በር ገብተህ ብሎ አልወሰነም። ይህን ካሰላሰልሁ በኋላ ነጠላዬን አደግድጌ ወደ ሱቅህ ሄድሁ።

«ሳልህ፣ ሩዝ ስጠኝ።»

«ሠርግ አለ እንዴ፣ መሪጌታ?»

«ለጎመን ነው።»

«ጎመን ሩዝ ይበላል?»

«አክስትህ ዘሊካ እንዴት አድርጋ ትጠቀልለው እንደነበር ንገረኝ።»

ራሱን አከከ። «እኔ እንጃ። ድስቱ ሲመጣ አውቃለሁ፤ ሲሄድም አውቃለሁ። በመካከል ያለውን ሴቶቹ ናቸው የሚያውቁት።»

አየህ፣ የሱፍ፤ እኔን በጓዳ ባዳነት ስትነቅፈኝ ኖረሃል፤ የአንተም ቤት ወንዶች ከክዳኑ በታች ያለውን አያውቁም።

ወለተ ሚካኤል አንቀላፍታ ስለነበር ልቀሰቅሳት አልወደድሁም። የማያውቁትን ከሚያውቁት ተነሥቶ መመርመር የሊቃውንት መንገድ ነውና እኔ ከማውቀው ተነሣሁ። የማውቀው ብራና ነው። የጎመኑን ቅጠል አንድ በአንድ ገነጠልሁ፤ በፍል ውኃ ነከርሁ፤ ወፍራም ጅማቱን በብራና መፋቂያዬ ፋቅሁ፤ ዳርና ዳሩን በልኬት ቆረጥሁ። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ጎመን ከዚያ በፊት የተሠራ አይመስለኝም። ሩዙን በደንብ አጨቅሁበትና ጠቅልዬ ቀቀልሁት። ጥሬ ሩዝ በእሳት ላይ እንደሚያብጥ ግን የነገረኝ አልነበረም። ርብ በፎገራ ላይ ያደረገውን ሩዙ በድስቱ ውስጥ አደረገው፤ ጎመኑ ሁሉ ተተርትሮ ዳርቻ የሌለው ገንፎ ሆነ።

አልተበሳጨሁም። ጉድለቱ የመታሰር ጉድለት መሆኑን አየሁ። በማግስቱ ጠዋት አዲስ ጎመን አመጣሁ፤ እንደ ቀድሞው ጠቅልዬ፣ መጻሕፍት የምጠርዝበትን ክር ከሙዳዬ አውጥቼ እያንዳንዱን በመስቀልኛ ጠፍሬ አሰርሁት። ይህ ክር ተማሪ በየዕለቱ የሚጎትተውን ዳዊት ዕድሜ ልክ የያዘ ክር ነው። ሩዝ አይበጥሰውም አልሁ፤ በዚህም አልተሳሳትሁም።

ድስቱ መንተክተክ እንደ ጀመረ ጎረቤቴ አለኸኝ ገል ይዞ እሳት ሊጭር ገባ፤ ሚስቱ ታማበት ነው። አለኸኝን ታውቀዋለህ፤ አምና ክታብ አንገቱ ላይ አስሮ ቅዳሴ ሲገባ አግኝቼው በምእመናን ፊት ያስበጠስሁት እርሱ ነው። ወደ ድስቱ አጎንብሶ አየ።

«መሪጌታ፣ ምን እየቀቀሉ ነው?»

«ራት።»

«ራት በክር ይታሰራል?»

«ይህኛው ይታሰራል።»

እሳቱን ሳይጭር፣ ፊቱን ሳያዞር፣ የኋሊት እየተራመደ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ቄሰ ገበዝ በላቸውን አስከትሎ ተመለሰ። ለካ መሪጌታ አዛናው ሚስቱን ሊያድን ክታብ እየቀቀለ ነው፣ ውኃውን ሊያጠጣት ነው ብሎ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ሰብኳል። ዕድሜዬን ሙሉ ያወገዝሁት ነገር በገዛ ምድጃዬ ላይ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ወሬ ቢጸና ከቅኔ ማኅሌት መቋሚያዬን ይዤ መውጣቴ ነበር።

ቄሰ ገበዝ ክዳኑን አንሥተው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። «መሪጌታ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ጎመን ነው።»

«ጎመን መሆኑንማ አየሁ። ውስጡስ?»

«ሩዝ ነው። ቢላዋ ይምጣና ይቀደድ።»

አለኸኝ ጣልቃ ገባ። «የተደገመ ነገር በቢላዋ አይታይም። ድግምት የደገመ ሰው ድግምቱን አይበላም፤ ይብሉልንና እንይ።»

«ፍርዱ ልክ ነው» አሉ ቄሰ ገበዝ፤ «ይቅመሱ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ?» አልሁ። «ቄሰ ገበዝ፣ ስሜን ለማንጻት ጾሜን ላፍርስ?»

«እርሱስ እውነት ነው» አሉ። ስለዚህ ሦስታችን ድስቱን መካከል አድርገን ዘጠኝ ሰዓትን ልንጠብቅ ተቀመጥን። አለኸኝ ግን አልተቀመጠም። በየጥቂቱ ወደ ደጅ እየወጣ ጥላውን በእግሩ ይሰፍራል።

«ደርሷል!» ብሎ ተጣራ።

«ተረከዝህን አውርድ!» አሉት ቄሰ ገበዝ። «በእግር ጣት ቆመው የሰፈሩት ጥላ አይቆጠርም።»

እንደ ገና ወጣ። የድስቱ ሽታ እየበረታ ሲሄድ ዳኛውም ከሳሹም ወደ ምድጃው እየተጠጉ ሲመጡ አየሁ። በመጨረሻ ጥላው በእውነት ሞላ። ቄሰ ገበዝ ጸሎት አደረሱ። እኔም አንዱን ጥቅል አንሥቼ፣ ክሩን ሳልፈታ፣ ፊቴን ሳላጠቁር ጎርሼ ዋጥሁት። በጉሮሮዬ ሲወርድ ትንሽ አንገራገረ፤ የእውነት መንገድ ጠባብ ነው ብዬ አለፍሁት።

«ንጹሕ ነው!» አሉ ቄሰ ገበዝ፤ ከደስታቸው ይሁን ከረኃባቸው አንዱን ለራሳቸው አነሡ። አለኸኝም ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት አነሣ። ቄሰ ገበዝ ነከሱና ጎተቱ። አልተበጠሰም። በሌላው ጥርሳቸው ያዙት። አልተበጠሰም።

«መሪጌታ፣ ይህ ክር ምንድን ነው?»

«የመጽሐፍ መጠረዣ ነው።»

«እሱንማ ጥርሴ ነገረኝ። ከምን የተፈተለ ነው?»

የሱፍ ወንድሜ፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀውን ነገር በአንዲት ቀን ላያውቀው ይችላል። ክሩን ራሴ አድርቄ፣ ራሴ ሰንጥቄ፣ ራሴ ፈትዬዋለሁ።

«ጅማት ነው» አልሁ።

አለኸኝ ጉንጩን እንደ ሞላ፣ «የምን?» አለ።

«የበሬ።»

«የፎገራ ነው የደራ?» አለ፣ ለውጥ የሚያመጣ ይመስል። ከዚያ ሁለቱም ተሽቀዳድመው ወደ ደጅ ወጡ። እኔ የምተፋው አልነበረኝም፤ ውጬዋለሁ።

በሥጋና በወተት ጉዳይ ስንቱን የገሠጽሁ ሰው፣ በጾም፣ ለነፍስ አባቴ የበሬ ጅማት አበላሁ። በዚህ መካከል ከመጋረጃው ጀርባ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሰማሁ። ትኩሳቱ ተመለሰባት ብዬ ሮጥሁ። ወለተ ሚካኤል አፏን በጋቢ ይዛ ትሥቃለች። ዕንባዋ ይወርዳል።

«ማማሰያው ቅቤ ነክቶታል ብለው» አለች ትንፋሽ ሲያጥራት፣ «ድስት ሙሉ ሽሮዬን ለውሻ ያስደፉኝ እርስዎ አይደሉም? ውሻው እንኳ በጾም ይህን ያህል ጅማት አልበላ!»

«ወለተ ሚካኤል፣ ተረጋጊ፤ ተኚ።»

«ልተኛና ነገ በሬውን ራሱን ይጠቅልሉልኝ?»

ምሰሶውን ይዛ ተነሣች። ከታመመች ጀምሮ ያለ ሰው እጅ ስትቆም ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እየተንገዳገደች ጓዳ ገባች፤ በልኬት የተቆረጠውን ጎመን፣ በወለሉ የፈሰሰውን ሩዝ፣ መፋቂያዬን አየች። ሣቋ ቆመ።

«ይህ ጎመን ነው ወይስ ዳዊት? ማን ግቡ አላችሁ ከጓዳዬ? ውጡ! ቄሰ ገበዝ፣ እርስዎም ይውጡ! አለኸኝ፣ ያቺን በርጩማ ወዲህ በላት፤ ከዚያ አንተም ውጣ!»

ሦስታችን በደጅ በድንጋይ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ከውስጥ የድስት ድምፅና የእርሷ ማጉረምረም ይሰማ ነበር። ቆማ ከሆነ ትወድቃለች ብዬ ብነሣ ቄሰ ገበዝ ጋቢዬን ይዘው አስቀመጡኝ። «ሲያጉረመርሙ ይድናሉ፣ መሪጌታ» አሉኝ።

ሲመሽ ጠራችን። ጎመኑ ክር የለውም፤ እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ ጫፉን ከሥሩ አድርጎ ተኝቷል። ደንቡ ወንዶች እስኪጀምሩ ሴት መጠበቋ ነው። ወለተ ሚካኤል ግን ማንንም ሳትጠብቅ አነሣች፣ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ደግሞ አነሣች። እኔም ስለ ደንብ ቃል አልተነፈስሁም፤ ጉሮሮዋን ብቻ አይ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔም በላሁ፤ ውስጡን ሳላይ። ስለ ጣዕሙ አስተያየት ከመስጠት እቆጠባለሁ። የድስቱን ግርጌ በእንጀራ የጠረገው ማን እንደሆነ ወለተ ሚካኤል ለዘሊካ እንዳትነግራት ለምኛታለሁ፤ እምቢ ብላኛለች።

ንስሓውን በተመለከተ ቄሰ ገበዝ ሊሰጡኝ አልቻሉም፤ ራሳቸውም ነክሰዋልና። ስለዚህ ሁለታችን መቋሚያችንን ይዘን ወደ ጣራ ገዳም ወጣን። አንድ ሽማግሌ መነኵሴ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡን። ምን ቀኖና እንደ ሰጡን አልነግርህም። ሲሰጡን ግን ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር፤ ትከሻቸውም ይንቀጠቀጥ ነበር። በጸሎት ይሆናል።

ወለተ ሚካኤል አሁን ወንዝ ወርዳ ውኃ ለመቅዳት ከእኔ ጋር ትሟገታለች። ለዘሊካ የላከችው ቃል ይህ ነው፦ «ጎመኑ እንደ አንቺ አልሆነም፤ አንድ ነገር ጎድሎታል፤ መጥተሽ አሳዪኝ።» እኔ እንደ መሰለኝ የጎደለው ቅመም አይደለም፤ ጓዳ አብሯት የምትቀመጠው ሰው ነው። እንግዲህ ለዐቢይ ጾም ይዘሃት ና። እኔና አንተ ይህን ሁሉ ዘመን በየበዓሉ አንተ የአንተን፣ እኔ የእኔን ሥጋ ለየብቻ ስንበላ ኖረናል፤ ይህ ሥርዓታችን ነው፣ አላፈርሰውም። ጎመን ግን አይታረድም። በአንድ ገበታ እንቀመጣለን፤ እኔም ከዘሊካ ድስት፣ እንደ ተጠቀለለ፣ እጎርሳለሁ።

ስለ ጥምጣሜም በገበያው መካከል ለጠየቅኸኝ ጥያቄ መልሱን አብሬ ልኬልሃለሁ፤ በጾም ጅማት ያበላ ራስ ሸሽጓል። ይህን ግን በአሥመራ ገበያ እንዳታወራው በአንድ አምላክ እለምንሃለሁ።

ክርክርህን የናፈቀ፣
መሪጌታ አዛናው፣ ከወረታ