ከመስቀል በፊት ድረሺ

ልጄ ትርሲት፣ በሰው አገር የምትገቢበት ቤት ሁሉ ይሙቅልሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ እንሰቱም ለምልሟል። ላሟ ወልዳለች።

ወንድምሽን ወልደአማኑኤልን ወልቂጤ ባጃጅ ተራ ላይ አንገቱን ወግቶ የገደለብን ልጅ እንደታሰረ ነው። የገዳዩ ታላቅ ወንድም ግን ለመስቀል ከአዲስ አበባ ይገባል አሉ። ታናሽሽ ይታገሱ ይህን ከሰማ ወዲህ፣ በሬው ገና ሳይገዛ፣ የመስቀሉን ማረጃ ቢላዋ ስሎ ትራሱ ስር አድርጎታል። ይህን ሳስጽፈው እጁ ቆመ። "ጻፍ!" አልኩት፤ ጻፈው።

ፈቃድ እንድትሰጥሽ ለማዳምሽ የሚላከውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤም የሚጽፈው እሱ ነው። "ልጄ ቶሎ ትምጣልኝ በልልኝ" ስለው፣ "የቱን ቶሎ እማዬ? ፋስት ስለ ፍጥነት ነው፤ ሱን በቅርቡ ነው፤ ኧርሊ ከሰዓቱ በፊት ነው" አለኝ።

"ያን ቀን ወንድምህን አቅፈህ በባጃጅ ስትበር የትኛው ነበር?"

"ፋስት ነበር። ሆስፒታል ሳንደርስ ደሙ ጉልበቴ ላይ አለቀ" ብሎ አለቀሰ።

"እንግዲያው ፍጥነቱን ተወው። ከሰዓቱ በፊት የሚለውን ጻፍ" አልኩት።

አዝለሽ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ፤ ከእኔ ይልቅ አንቺን ይሰማል። እባክሽ ልጄ፣ ሰውየው ሳይገባ ደርሰሽ ቢላዋውን ከእጁ ተቀበይልኝ። አምላክ መንገድሽን ያቅናው።

እናትሽ ተናኘወርቅ

እታለም፣ ይህቺ የራሴ ናት። ቢላዋው አሁንም ትራሴ ስር ነው። ኧርሊ ነይ።
ይታገሱ