ትርፉ የሳር ትራስ

ታዴ፣ የልጄ አባት፣

እንደምን አለህ ብዬ እንዳልጀምር መልስ አትሰጠኝም፤ ድሮም ቢሆን ስጠይቅህ የምትመልስልኝ ግማሹን ነበር። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትህን ለማውጣት ከቄሱ ጋር ተነጋግሬያለሁ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ወረቀት አጥቼ አይደለም። የጻፉት ነገር ማን እጅ እንደሚገባ ስለማይታወቅ ነው። አሁንም በስሙ የምጠራው አንተን ብቻ ነው፤ አንተን ከእንግዲህ ማንም ጠርቶ አይመረምርህም።

መጀመሪያ ቤትህን ልንገርህ። ሰፈራችን ቡሪ ያው ቡሪ ናት። የዳቦው ሰልፍ ግን ዘንድሮ የመስጊዱን ጥግ አልፎ እኛ በር ድረስ ይመጣል። ጠዋት በሬን ስከፍት ሰልፈኛው ሁሉ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ማን ዳቦ እንደሚጠብቅ፣ ማን የእኛን በር እንደሚጠብቅ መለየት አቅቶኛል። ልጅህ ቁመቷ እኔን አልፏል። አማርኛዋ እንደምታውቀው ነው፣ ስትናደድ ወደ ዓረብኛ ትሸሽብኛለች። አቡይ፣ አባቴ፣ እያለች ፎቶህን ታናግርና እኔ ስገባ ዝም ትላለች። እኔን እየከሰሰችኝ ይመስለኛል። መሰላልህ ግቢው ውስጥ እንደቆመ ነው። ሽጭልን ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፣ እኔ ግን አንድን የሞተ ሰው መሰላል እንዲህ አጥብቆ የሚፈልግ ሰው ምን ሊያደርግበት ነው ብዬ ከለከልኳቸው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከትራሱ ልጀምር።

ዕድሜህን የጨረስከው የሰው ቤት ሙከይፍ ስትጠግን ነው። ሙቀቱ ሳይገባ፣ በውሃ እየራሰ ነፋሱን የሚያበርደውን አሮጌ ሳር ከየቤቱ ማቀዝቀዣ አውጥተህ አዲስ ትከታለህ፤ አዲሱን ሳር መረብ ውስጥ እየጠቀጠቅሁ የምሰፋው እኔ ነኝ። እኛ ቤት ትራስ ነበር የምንለው። ታዲያ በየዓመቱ ደንበኛ ካዘዘው በላይ ታሰፋኝ ነበር። ትርፉ ለማን ነው ስልህ ለመጠባበቂያ ትለኛለህ። መጠባበቂያ የሚባል ነገር ግን ግቢያችን ውስጥ ተቀምጦ አይቼ አላውቅም። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ። አንድ ቦታ አንዲት ሴት በእኔ ትራስ ቀዝቀዝ ብሎላት ተጋድማለች ብዬ ደመደምኩ።

ለቅሶህ ላይ ያቺ ሴት መጣች። እንደ ሱዳን ሴቶች ነጭ ቶብ ተከናንባለች። ሀገሬው ለቅሶ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ፋቲሃውን አድርሶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። እሷ ግን ከእኛ ሴቶች መሃል ገብታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ አለቀሰችም። የእውነት እንባ ነው፣ እኔ የውሸቱን ለይቼ አውቃለሁ። የእድራችን ሴቶች አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። ባልሽን በሥራ አውቀው ነበር አለችኝ። በሥራ! ሙከይፍ የጠገነለትን ሰው እንዲህ የሚያለቅስ ካርቱም ውስጥ አይቼ አላውቅም። ሬሳህ ላይ ልቆጣህ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከአርባህ በኋላም መምጣቷን አልተወችም። ስኳር ይዛ ትመጣለች፣ ልጅህን ስለ ትምህርቷ ትጠይቃለች፣ ትሄዳለች። አንድ ቀን በቃ አልኩና ከታደሰ ጋር ምንሽ ነበር ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኳት። ሰዎቿ ኡስታዛ ይሏታል ለካ፣ ጠበቃ ናት። ያለ ክስ ለታሰረ ሰው፣ ቤት ተቆልፎባት ለምትሠራ ሴት የሚቆም ቢሮ ከወንዙ ማዶ፣ ኦምዱርማን አለን አለችኝ። ቅናቱ ለቀቀኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ሥራ እሠራለሁ ብሎ ለማያውቀው ሰው በር ላይ የሚናገር ወይ ሞኝ ነው ወይ የደህንነት ሰው ነው። ሞኝ ደግሞ አትመስልም።

የመጣችበትን ያን ቀን ተናገረች። ታደሰ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት የተቆለፈባት ልጅ አግኝቶ ነበር አለችኝ። ከወሎ የመጣች ናት፤ ፓስፖርቷን ወስደውባታል፣ ከገባች ወዲህ ደሞዝም ውጭም አላየችም። ኡስታዛዋ ልጅቷ በራሷ አፍ ፈቅዳ ስሟን እስካልሰጠች ድረስ ክስ አንከፍትም ብላህ ነበር፤ አንተም ጠይቄያት እመጣለሁ ብለህ ሄደህ በዚያው ወባው ጣለህ። ቤቱ የትኛው እንደሆነ ቢሮው ውስጥ የሚያውቅ የለም። አንቺ ታውቂው እንደሆነ ብላ ዓይኔን አየችኝ።

አላውቅም አልኳት።

አውቀዋለሁ እንጂ። ረዳት ያጣህ ቀን መሰላል ያዥልኝ ብለህ ይዘኸኝ የሄድክበት ቤት ነው። የትኛው በር እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ከኋላ፣ ከወጥ ቤቱ ሙከይፍ ላይ ወጥተህ ከግድግዳው ጋር ስታወራ ሰማሁህ። ሳሩ ሲወጣ የማቀዝቀዣው አፍ ወደ ቤት ክፍት እንደሚሆን መቼ አሰብኩ? የሰማሁት የሴት ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ የልጅ ድምፅ፣ በአማርኛ። መሰላሉን ነቀነቅኩት። ግድግዳውን ይዘህ ቁልቁል አየኸኝና ሳቅክ። ያ ሳቅህ ነው የበለጠ ያናደደኝ። ቤት እስክንደርስ አላናገርኩህም፤ ከታረቅን በኋላም ማን እንደነበረች አልነገርከኝም።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ እኔ እጅ ላይ ወደቀ። ቤቱን ነግሬያት ሴትዮዋ የደህንነት ሰው ሆና ብትገኝ ልጅቷም አለቀላት፣ እኔም ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ተነጥቄ ልጅህን ይዤ ድንበር ላይ ነኝ። ዝም ብል ደግሞ ያች ልጅ የሰው ግድግዳ ውስጥ እንደተቀበረች ትቀራለች። ብርዱ እስኪያልፍ ይህን ይዤ ከረምኩ። የራሴ ልጅ ከትምህርት ቤት ትንሽ ስትዘገይ ያ ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል። በጣም ተናደድኩብህ፣ ታዴ። ሙተህም ሥራ ታሠራኛለህ።

ሙቀቱ ሲጀማምር ሳር ለመግዛት ኦምዱርማን ተሻገርኩ። እግረ መንገዴን፣ እሷ በጠቆመችኝ አድራሻ፣ ሳልነግራት ቢሮዋ ልገባ ቆርጫለሁ። አስቀድመህ ነግረህ ከሄድክ የተዘጋጀልህን ነው የምታየው። ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለ ክፍል ነው፣ ሰሌዳ እንኳ የለውም፤ ይህም አላማረኝም። ውስጥ ተማሪ ልጇን የወሰዱባት አንዲት ሱዳናዊት እናት ተቀምጣለች፤ አጠገቧ እጇን በጨርቅ የጠቀለለች የእኛ አገር ልጅ። ኡስታዛዋ ሳታስበኝ ስላየችኝ ደነገጠች። ሰው ሲደነግጥ ይታወቃል፣ ያኛው ድንጋጤ ደስታም ነበረበት። እኔ ግን ሰላምታዋን ሳልቀበል ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ሙከይፋቸው አሮጌ ነው፣ ይጮኻል። የሥራ ነገር ሆኖብኝ ሳሩን ነካሁት።

ሰማያዊ ክር። ከማዳበሪያ የምተረትረው የእኔ ክር ነው። ጥጉ ላይ ሁለቴ ታጥፎ ጫፉ ወደ ውስጥ የተቀበረ፣ አንተ ይህን ሁሉ ምን ያደክምሻል እያልክ የምትስቅበት ስፌቴ። ጀርባዬን ለሰዎቹ ሰጥቼ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ሳልጠየቅ ስንት ዓመት ለእነዚህ ሰዎች ሰፋሁ! ከዚያ ደግሞ ሳቄ መጣ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ መከራዋን የተናገረች ሴት ሁሉ ነፋሱ የመጣላት በእኔ ትራስ ነው። ያ ስቀናበት የኖርኩት ሌላ ቤትህ ይህ ነበር። ደስ አለኝ፣ ታዴ፤ አንተ አጠገቤ ብትሆን ኖሮ ግን እመታህ ነበር።

ይህም ሆኖ ዝም ብዬ አላመንኳትም። ትራስ ከየትም ይገዛል። የጠበቃነት መታወቂያሽን አሳዪኝ አልኳት። አገላብጬ፣ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየሁት። እየሳቀች፣ ታደሰ ሚስቴ ያወቀች ቀን እኔን ትታ የምትመረምረው አንቺን ነው ብሎኝ ነበር አለችኝ። እኔን ያስተዋወቅከው እንዲህ ብለህ ነው? ቤቱን ግን ያኔም አልነገርኳትም። አስቀድሜ ራሴ ልጅቷን አናግራለሁ አልኳት።

በሳምንቱ ሳሩንና መሰላልህን ረክሻ ባጃጅ ላይ አስሬ ሪያድ ሰፈር ሄድኩ። ማዳሟ አወቀችኝ፤ ሰውየውስ አለችኝ። ሞተ ስላት አላህ የርሐሙ ብላ፣ ወዲያው ደግሞ፣ ያላ፣ ሙቀቱ ገድሎናል ቶሎ ጨርሺ ብላኝ ገባች። መሰላል የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። ግድግዳውን እየተደገፍኩ ወጣሁ። አሮጌውን ሳር አወጣሁና አፌን ቀዳዳው ላይ አድርጌ፣ ልጄ፣ አለሽ ወይ አልኩ። ይሰማ የነበረው የሳህን ድምፅ ቆመ። ደግሜ ጠራሁ። ብዙ ቆይታ፣ ማን ነሽ፣ ማን ላከሽ አለችኝ። የታደሰ ሚስት ነኝ አልኳት። በምን አውቃለሁ አለችኝ።

ወደድኳት። የእኔ ቢጤ ናት። ጋሼ ያን ቀን ወሬውን ለምን አቋርጠው ወረዱ ብላ ጠየቀችኝ። መሰላሉን ነቅንቄበት ነዋ አልኳት። ከግድግዳው ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። ለካ፣ ሚስቴ ከታች ልትጥለኝ ነው፣ በኋላ እመጣለሁ ብለሃት ነው የወረድከው። ስንት ነገር ስጠረጥርህ ኖሬ፣ በመጨረሻ የታመንኩት በዚያ ጥርጣሬዬ ሆነ።

ከዚያ፣ ጋሼስ፣ እመጣለሁ ብለው ለምን ቀሩ አለችኝ። ነገርኳት። ኢናሊላሂ ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ ቤቱ እንዳይሰማባት አፏ ውስጥ ጨርቅ ከታ ስታለቅስ ሰማሁ። እኔም መሰላሉ ላይ ሆኜ በሁለት እጄ ግድግዳውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ለቅሶህን የደረሰ ሰው ሁሉ ተቆጥሮ አልቋል ብዬ ነበር፤ አንዲት ቀርታ ነበር። ስትረጋጋ ስሟን ከነአባቷ ነገረችኝ። መውጣት እፈልጋለሁ፣ ልክ እንዲህ አለች ብለሽ ንገሪልኝ አለችኝ። አዲሱን ትራስ ገጥሜ ወረድኩ። ለማዳሟ ወጥ ቤት ነፋስ እየሰጠሁ መሄዴ አንገበገበኝ፣ ግን ልጅቷም እዚያው ናት።

ኡስታዛዋ ስሙን ይዛ ኒያባ፣ ዓቃቤ ሕጉ ዘንድ፣ ገባች፤ ትእዛዝ ያለበት ወረቀት አወጣችና ፖሊስ አስከትላ በሩን አስከፈተች። ልጅቷ በለበሰችው ልብስ ወጣች። ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። የማዳሟ ቤተሰብ ወርቅ ሰርቃለች ብሎ መልሶ ከሰሳት፤ ፍርድ እስኪሰጥ እስር ቤት እንዳትቆይ ዋስ አምጡ ተባለ። ከእኔ በቀር ማን አላት? የሻይ ብርጭቆዬን እንኳ ለጎረቤት አውሼ የማላድረው ሴት ኢቃማዬን አስይዤ ዋስ ሆንኩ። አሁን ከልጅህ ጋር አንድ ክፍል ናት። ከመተኛታችን በፊት እኔ በሩን ቆልፌ እመለሳለሁ፣ እሷ ተነስታ መቆለፌን ታያለች። ልጅህ በሁለታችንም ትስቃለች። ትጠፋብኝ ይሆን ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤ አልዋሽህም። ጠዋት ስነሳ ግን ሁልጊዜ አለች።

ባለፈው ሳምንት ኡስታዛዋ መጣች። ለብዙ ቀን ጠፍታብኝ ነበር። ቢሮውን የደህንነት ሰዎች አሽገውታል፤ እሷንም ወስደው አቆይተው ነው የለቀቋት። ከስታለች፣ ስትቀመጥ ጎኗን ትደግፋለች። ቢሮው ሲታሸግ ያ ሙከይፍ ከነትራሴ ውስጥ ቀርቷል። የልጅቷን ክስ አንዱ ባልደረባዬ ይዞታል፣ አይዞሽ አለችኝ፤ እሷ እኔን አይዞሽ ትለኛለች። ሌላ ቦታ ጀምረናል ብላ የት እንደሆነ ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት፣ እጄን አንስቼ ዝም አሰኘኋት። ጓዳ ገብቼ ዘንድሮ የሰፋሁትን ትርፍ ትራስ አምጥቼ አስታቀፍኳት። ለምን እንዳልነገርከኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የማላውቀውን ማንም ከአፌ ሊያወጣ አይችልም።

ታዴ፣ ሙት ዓመትህን አወጣለሁ፤ መቃብርህንም ዝናቡ ሳይመጣ አስጠግናለሁ። ግን እኔ አንተን የማስብህ ሳር ስጠቀጥቅ ነው። በየዓመቱ፣ ሙቀቱ ሳይገባ፣ ከታዘዝኩት በላይ እሰፋለሁ። የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀዘቅዝበት አልጠይቅም። እኔ አልጠይቅም ስል ከሰማህ፣ መሞትህን ያኔ አምነህ ተኛ።

ስሜን አልፈርምም። ስፌቴን ታውቀዋለህ።