ትብለጥ በቴሌቪዥን አንተን የሆነች ለት

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። እማዬ ለሙት ዓመትህ ጌሾ ማስወቀጥ ጀምራለች፤ ግቢው ሁሉ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። እኔ ደግሞ ዛሬ ከልምምድ ተመልሼ፣ እግሬን ታጥቤ፣ አንተ ጧት ጧት ፀሐይ ትሞቅበት ከነበረው ግድግዳ ሥር ተቀምጫለሁ። መቃብርህ ድረስ ብዙ ጊዜ መጥቻለሁ። እዚያ ስቆም ግን እንባ ይቀድመኛል፤ ያሰብኩትን ሳልነግርህ እመለሳለሁ። ያሰብኩት ደግሞ ናፍቆት ብቻ አይደለም። አባዬ፣ ተቀይሜሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ጥቁሩን አውልቂ ቢሏት እምቢ ብላለች። አንተ በጭቃው ስታማርርበት የነበረው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎለት ባጃጅ እስከ በራችን ይገባል። ከጓሮ ካሉት የተማሪ ጎጆዎች አንዱን የክረምቱ ዝናብ ጥሎታል። እስከ መጨረሻው ያልተለዩህ ሁለቱ ተማሪዎችህ ሌላ መምህር ዘንድ ሄዱ፤ ሲሰናበቱ የእማዬን ጉልበት ስመው አለቀሱ። እኔም ክለቡን ለቅቄ ከአዲስ አበባ ተመልሻለሁ። ለሰው ጉልበቴ ነው እላለሁ። እውነትም ያመኛል፤ ግን ያስመለሰኝ ጉልበቴ አይደለም። አሁን እዚሁ ማርቆስ ሴት ልጆችን ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። ሜዳው ተሰነጣጥቋል፤ አንደኛው ቅርጫት መረብ የለውም። ልጆቹ ግን ዝናብ ሲጥል እንኳ ወደ ቤት ሂዱ ስላቸው ይለምኑኛል።

ትብለጥም እንደዚያ ነበረች።

ከሮብ ገበያ ለትምህርት መጥታ ከግቢያችን ያለችውን ትንሽ ክፍል የተከራየች ጊዜ ሁለታችንም ገና ልጆች ነበርን። እናቷ ሞታባታለች፤ አባቷን አታውቀውም። ቁመቷ ከዕድሜዋ ቀድሞ፣ እጇን የት እንደምታደርገው የማታውቅ ልጅ ነበረች። ክረምቱ ሳይወጣ ክፍሏን ትታ ከእኔ ጋር መተኛት ጀመረች። እማዬ ስታጎርሰን ለሁለታችን እኩል ነበር። አንተን መጀመሪያ እንደ ተማሪዎችህ «የኔታ» ትልህ ነበር፤ ቆይታ «አባባ» አለችህ፤ ማንም አላረማትም።

ኳሱን ያስጀመረችኝ እሷ ናት። ከቀብር ስትመለስ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል አልፈህ በቁምጣ ስሮጥ ያየኸኝ ቀን፣ ራት ላይ ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ቁጣህን ስንጠብቅ ነበር። አንተ ግን እጅህን ታጥበህ፣ ጸሎትህን አድርሰህ፣ ቆይተህ ቆይተህ፣ «ኳሷን ወደ ታች በመታሻት ቁጥር አንቺ ወደ ላይ ነው የምትሄጂው። ይሄ ነገር ኅብረ ቃል አለው፤ ሰምም ወርቅም» አልክ። የቅኔ መምህር ሆነህ ሁሉንም ነገር በቅኔ መንገድ ነበር የምታየው። ትብለጥ በሳቅ ትን አላት። ከዚያ ቀን ወዲያ አልከለከልከንም፤ ለሰው ግን አላወራህም።

ክለቡ ሁለታችንንም ሲወስደን አንድ ክፍል ሰጡን። ያንን ኑሮ በደንብ አላጫወትኩህም። ጎሕ ሳይቀድ እንነሳለን፣ ሮጠን እንመለሳለን፣ አንድ ሳህን ፉል በሁለት ዳቦ እንካፈላለን፣ ከሰዓት ደግሞ አዳራሽ እንገባለን። ካልሲያችን መስኮት ላይ ተሰጥቶ ይውላል። ማታ አንዳችን የሌላችንን ጉልበት በበረዶ እንይዛለን። እኔ ኳስ አቀብላለሁ፣ እሷ ታገባለች፤ ዓይኗን ሳላይ የት እንደምትሮጥ አውቅ ነበር። ወንዶቹ ሲጫወቱ የሚሞላው አዳራሽ እኛ ስንጫወት ግን ባዶ ነው። የተጫዋች እህትና የጥበቃ ሠራተኞች፣ በቃ። እኔ ብዙም አልታየኝም። ትብለጥን ግን ያማት ነበር። አሸንፈን ስንወጣ እንኳ ወንበሮቹን ዞር ብላ አይታ፣ «አንድ ቀን ስሜን የሚጠራ ሕዝብ እፈልጋለሁ» ትለኝ ነበር።

አንተ የመጣኸው ያን ጊዜ ነው። ለጉባኤ አዲስ አበባ መጥተህ፣ ጥምጥምህን ፈትተህ በከረጢት ይዘህ፣ የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድብህ ስበህ፣ ጋቢህን ተከናንበህ ከላይኛው ወንበር ጥግ ተቀመጥክ። ትብለጥ ናት አስቀድማ ያወቀችህ። ከሩቅ ቅርጫት ሳገባ ብድግ ብለህ «ይበል!» አልክ። ተማሪህ ጥሩ ቅኔ ሲያሰማህ የምትላትን ያችኑ ቃል፣ በዚያ ባዶ አዳራሽ ውስጥ። ዳኛው ሳይቀር ዞሮ አየህ። ከጨዋታው በኋላ ውጭ አግኝተኸን፣ ግንባራችንን ስመህ፣ «ይህ በእኛ በሦስታችን መሀል ይቅር። እኔ እወዳለሁ፤ ሁሉም ሰው ግን አይገባውም» አልከን። ሁለታችንም ማልንልህ። አንተ ግን መሐላ አልጠየቅኋችሁም ብለህ መሐላችንን አነሳህልን፤ «ቃላችሁ ይበቃኛል» አልክ።

ከዚያ የቴሌቪዥኑ ነገር መጣ። ወጣት ሴቶችን አንድ ቤት ውስጥ አስገብተው፣ ሲበሉም ሲጣሉም ሲያለቅሱም እየቀረጹ የሚያሳዩበት፣ ተመልካች ድምፅ እየሰጠ አንዷን የሚያስቀርበት ሌላዋን የሚያሰናብትበት ውድድር ነው። ትብለጥ ተመዘገበች፤ ተመረጠች። ሻንጣዋን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ልምምድ እንደጨረስን የቡድኑ ልጆች ፀጉራችን ሳይደርቅ ቴሌቪዥኑ ፊት እንኮለኮል ነበር። ድምፅ ስጡ እያልኩ የማውቀውን ሰው ሁሉ አስቸግሬያለሁ።

አንድ ምሽት ልትሰናበት ጫፍ ላይ ደረሰች። አቅራቢዋ እያንዳንዳቸውን «የማትረሺውን ሰው አሳዪን» አለቻቸው። ሌሎቹ እናታቸውን፣ አስተማሪያቸውን አሳዩ። ትብለጥ የአልጋ ልብስ እንደ ጋቢ ተከናነበች፤ ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ሳበች፤ ጎበጥ ብላ ግራ ቀኙን በስርቆት እያየች ገባች። «እኝህ የጓደኛዬ አባት ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ የታወቁ የቅኔ መምህር። ልጃቸው በቁምጣ ስትጫወት ለማየት ጥምጥማቸውን ደብቀው መጡ» አለች። ከዚያ ብድግ ብላ «ይበል!» ስትል ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አባዬ፣ በድምፅዋ ሳይቀር አንተን ሆና ነበር። አጠገቤ ያሉት ልጆች እየሳቁ ትከሻዬን መቱኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ትብለጥ በዚያ ምሽት ተረፈች። ቪዲዮውም በነጋታው በየሰዉ ስልክ ገባ።

ማርቆስ የሆነውን ከእማዬ ነው የሰማሁት። አንተማ በስልክ «ደህና ነን፣ እህሉም ደህና ይዟል» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣህም። የባጃጅ ልጆች ስታልፍ «ይበል!» ይሉሃል፤ ገሚሱ በፍቅር፣ ገሚሱ በፌዝ። ከደብሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ጠርተው «መሪጌታ፣ ወሬው እስኪበርድ ትንሽ ይረፉ» አሉህ። አልተቆጡህም። ቢቆጡህ ይሻል ነበር፤ መልስ ነበረህ። ተማሪዎችህም አንድ በአንድ ከረጢታቸውን እያነሱ ሄዱ። ያን ሰሞን ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። አንድ ጧት እዚሁ ተቀምጠህ ተማሪህ ሲያስብ ያደረውን ቅኔ ሲያሰማህ ከበሩ ሆኜ አየሁህ። ጥሩ ቅኔ እንደነበር ከፊትህ ያስታውቅ ነበር። አፍህን ከፈትክ፤ ቃሏ ከጉሮሮህ ደርሳ ተመለሰች። «ደህና ነው» አልክ ብቻ። ልጁ የተሳሳተ መስሎት አቀረቀረ።

ያን ቀን ነው ትብለጥን የጠላሁት።

ከዚያ ቤት እንደወጣች ደወልኩላት። አሸንፋ ነበር የወጣችው፤ ፎቶዋ በየአደባባዩ ተሰቅሏል፣ የሳሙና ማስታወቂያ ትሠራለች። «በፍቅር እኮ ነው ያደረግሁት። አገሩ ሁሉ ወደዳቸው» አለችኝ። «እሱንስ ጠየቅሽው?» አልኳት።  ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ «እኔ ምን ሌላ ታሪክ አለኝ? አሳዪ ሲሉኝ የማሳየው አባት ሌላ ማን አለኝ?» አለች። ስልኩን ዘጋሁት። ሜዳ ላይ ሁሌ አብሬያት ስለነበርኩ ቡድኑም አስጠላኝ። በእሷ ቦታ የመጣችው አዲስ ልጅ ቅርጫቱ ሥር ስትቆም ኳሱን ማቀበል አቃተኝ።

የሞትከው በወሬ ነው አልልም። ሐኪሙ ልብህ ከቆየ ጀምሮ ደክሞ እንደነበር ነግሮናል። ዝም ብለህ መሄድህን ግን እኔ አውቃለሁ።

ለቅሶህ ላይ ትብለጥ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ከኋላዋ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትላ። ከድንኳኑ ደጅ ጀምራ «አባቴ! አባቴ!» እያለች ስትገባ፣ ከአማኑኤል ከተማ የመጡት ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ማልቀሳቸውን ትተው ስልካቸውን አወጡ። ያንተ ለቅሶ የእሷ ሆነ። ልነሳባት ስል እማዬ ቀደመችኝ። ቀስ ብላ ሄዳ ፊቷ ቆመችና፣ «ልጄ፣ ለለቅሶ ከሆነ ተቀመጪ፤ ለሥራ ከሆነ ሂጂ» አለቻት።  ትብለጥ መነጽሯን አወለቀች፤ ዓይኗ አብጦ ነበር። ሰውየውን በእጇ መለሰችው። ከዚያ ጓዳ ገብታ ሠልስትህ እስኪወጣ ድረስ ውኃ ስትቀዳ፣ ድስት ስትፈትግ ሰነበተች። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኳትም።

በአርባህ ተመልሳ መጣች፤ ብቻዋን። እንግዳው ከሄደ በኋላ ጓሮ ሰሃን እያጠብን ሳለ፣ ቀና ሳትል፣ «አባባ እኮ ይቅር ብለውኛል» አለች። የፌዝ መሰለኝ። «ከዚያ ቤት በወጣሁ በሳምንቱ ደወሉልኝ። ገና ሃሎ ሳልል ‹አይዞሽ፣ ልጄ› አሉኝ። ከዚያም እስኪታመሙ ድረስ ይደውሉልኝ ነበር።» ወደ እማዬ ዞርኩ። እማዬ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች መሬት መሬት አየች። «በኔ ስልክ ነው። እንዳትነግሪያት ብለውኝ ነው» አለች።

አባዬ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ልናገረው የምችለው ለአንተ ብቻ ነው። ትብለጥ ስትከዳኝ ቢያንስ የተከዳነው ሁለታችን ነን ብዬ ነበር፤ እኔና አንተ። ስለ አንተ ብዬ ጓደኛዬን ጣልኩ። ስለ አንተ ብዬ ኳሱን ጣልኩ። በፈቃድ ስመጣ አጠገብህ ተቀምጬ ጥርሴን ስነክስ ታየኝ ነበር፤ ሻይህን ትጠጣና «ብርዱ በርትቷል» ትለኛለህ። እኔ ስወጣ ደግሞ የእማዬን ስልክ አንስተህ ለእሷ አይዞሽ ትላለህ። ለእሷ ምሕረት፣ ለእኔ ስለ ብርዱ ወሬ። ይቅር ማለትህ አይደለም የቆረጠኝ፤ ከእኔ ሸሽገህ ማለትህ ነው። ብቻዬን ተናድጄ እንድቀር ለምን ተውከኝ?

ይህንኑ ለእማዬ ስላት፣ «‹ይቅር በያት ካልኳት ለኔ ብላ ይቅር ትላለች። ለኔ ብላ ያለችው ደግሞ እኔ ስሞት ይፈርሳል› ብለዋል» አለችኝ። ልክ ነህ ይሆናል። ታውቀኛለህ፤ ብትለኝ ኖሮ ለአንተ ብዬ ይቅር እላት ነበር። ልክ መሆንህ ግን እስከ ዛሬ አላበረደኝም።

ባለፈው ከቴሌቪዥኑ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ለሙት ዓመትህ መጥተው፣ እኔና ትብለጥ መቃብርህ ላይ ተቃቅፈን ስንታረቅ ሊቀርጹ ነው። «ለወጣቱ ትልቅ ትምህርት ይሆናል» አለችኝ፤ ድምፅዋ ጣፋጭ ነው። «አባቴን አንዴ አሳይታችሁታል፤ ይበቃል» ብዬ ዘጋሁት። በማግሥቱ ትብለጥ ደወለች። እሷም እምቢ ብላቸዋለች፤ ከእንግዲህ አብረንሽ አንሠራም ብለዋታል። «ያለ ካሜራ ልምጣ?» አለችኝ።  «ሙት ዓመት የሚከለከል ሰው የለም። ነይ» አልኳት። አለቀሰች መሰለኝ። እኔ አላለቀስኩም።

ስለዚህ ትመጣለች። እማዬ ከአሁኑ አልጋ አንጥፋላታለች፤ በእኔ ክፍል ውስጥ፣ ሳትጠይቀኝ። ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን፤ አጠገቤ ትቆማለች፤ አልገፋትም። ታርቀዋል ብሎ የሚያይ ሰው ይኖራል፤ ይበል። አንተ ግን እንዳይመስልህ። አንተ በሳምንት ያደረግኸውን እኔ በዓመትም አልቻልኩትም፤ ቢሆንልኝም ለአንተ ብዬ አይሆንም።

የክርስትና ስምህን ቄሱ ሲጠሩ እኔም በልቤ እጠራዋለሁ። በየዓመቱ እጠራዋለሁ፤ ልጅ ከወለድኩም ደህና አድርጌ አስተምረዋለሁ። ደግነትህን እነግረዋለሁ፤ የሸሸግኸኝንም እነግረዋለሁ፤ አንዱን ነጥዬ ብነግረው አንተን አይሆንም። አልረሳህም፣ አባዬ። ተቀይሜህም ቢሆን አልረሳህም።

ልጅህ እመቤት