አባትሽን ልከተል ብዬ

ናጋኖ፣ ጥር 28 ቀን

የኔ ናትሱኮ፣

የሲድኒ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እዚህ በረዶው መስኮቱን ሊውጠው ነው። ጎረቤቶች ጣሪያችንን ጠርገውልናል፤ በዚህ አታስቢ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂ። በበረዶ ላይ መንሸራተት እየተማርኩ ነው። አዎ፣ እኔ እናትሽ! ከባሕሩ ጠረፍ ተድሬ ከመጣሁ ጀምሮ አባትሽ ሲለምነኝ «እግሬ መሬት ላይ ይሻለዋል» እያልኩ የኖርኩት።

በስልክ ስለ አባትሽ «ትንሽ ይረሳል» ብዬሽ ነበር። ትንሽ አይደለም። ከበረዶ መንሸራተት አሠልጣኝነቱ በክብር ካሰናበቱት ወዲህ እንኳ፣ ጠዋት ጠዋት ቀዩን ጃኬት ለብሶ ተራራ ይወጣል። በአዲስ ዓመት ሰሞን ሳይመለስ መሸ። ሲያገኙት ላይኛው ጫካ ውስጥ ጥድ ሥር ተቀምጧል። «ወንበሩ ዛሬ ዘገየ» አላቸው። አንቺ ልጅ ሳለሽ የተነቀለውን፣ ሰው በገመድ ተራራ ያወጣ የነበረውን ተንጠልጣይ ወንበር ነው የሚጠብቀው። ሐኪሙ መንሸራተቻውን ደብቂበት አለኝ። ደበቅኩበት። በቤት ጫማ በረዶ ውስጥ ገብቶ ሲፈልግ አገኘሁትና መለስኩለት።

እሱ ካልቀረ እኔ ልውጣ አልኩና ካዎሩ ዘንድ ሄድኩ። አብራሽ የተማረችው ካዎሩ አሁን ጀማሪዎችን ታስተምራለች።

«እትዬ ቶሺዬ፣ በደህናዎ ነው? ናትሱኮ ብትሰማ ትገድለኛለች!»

«እሷ ሩቅ ናት። ብቻ አንቺ እንዳትገድይኝ።»

የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በአጠገቤ ሽው ሲሉ እኔ እንደ ጆንያ እወድቃለሁ።

«የመንሸራተቻውን የፊት ጫፍ ገጠም፣ ተረከዝዎን ከፈት! እግርዎን አይዩት፣ የትም አይሄድም።»

«ችግሩ እኮ መሄዱ ነው!»

ይህን ስንባባል አባትሽ ከላይ ወርዶ ፊቴ ቆመ። አጎንብሶ ሰላም አለኝ።

«ካዎሩ፣ አንቺ እረፊ። እመቤቲቱን እኔ ልያዝ።»

ካዎሩ አየችኝ፤ እሺ በይው አልኳት በዓይኔ።

«ከየት መጡ፣ እመቤቴ?»

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም።

«ከባሕሩ በኩል» አልኩ።

«የኔም ባለቤት የዚያው አገር ሰው ናት። በረዶ ትፈራለች። አንድ ቀን አሳምኜ አመጣታለሁ።»

ዘንጌን ይዞ፣ እሱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ እየመራ አወረደኝ። «አይፍሩ፣ ፊትዎ ነኝ» ይለኛል። ቤት ውስጥ ጨው አቀብይኝ ሲል እንኳ የሚቆጣው ሰውዬ! ካዎሩ ከኋላችን አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

ማታ ቤት ስንገባ አወቀኝ። «ቶሺዬ፣ ጉልበትሽ ምን ሆኖ ነው ያበጠው?» አለ። በረዶ ስጠርግ ወደቅኩ አልኩት። እየተቆጣ ቅባት አሸልኝ።

ከዚያ ወዲህ አብሬው እወጣለሁ። አንዳንድ ቀን ያውቀኛል፤ አብዛኛውን ቀን «አዲስ ነዎት?» ይለኛል፣ እኔም ከመጀመሪያው እማራለሁ። ትናንት በድንገት ወደ ጫካው ታጠፈ። ስሙን ጠራሁ፣ አልዞረም። «ሰይጂ!» ብዬ ደግሜ ጮህኩ፤ ጭራሽ ፈጠነ። ልደርስበት እንደማልችል ሲገባኝ «መምህር! ብቻዬን እፈራለሁ!» አልኩ። ቀጥ አለ። አቀበቱን በጎን በጎኑ እየረገጠ ተመለሰና «ይቅርታ እመቤቴ፣ ትቼዎት ሄድኩ እንዴ?» አለኝ።

አንቺን ያነሳሻል። ትናንሽ ጓንቶችሽ ደርቀው እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ደርቀዋል እለዋለሁ።

ሥራሽን ትተሽ ነይ አልልሽም፣ እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ በረዶው ብዙ ስለሆነ እስከ ሚያዝያ ይቆያል ይላሉ፤ እስከዚያ ከመምህሬ ጋር እወጣለሁ።

የተራራው አምላክ አንቺንም ቤትሽንም ይጠብቅ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ።

እናትሽ ቶሺዬ