ፊልሙ ውስጥ ያልነበረው ሰው

ምናለ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ስንት ክረምት እንደሆነ የማውቀው በልጃችን ቁመት ነው። ስትዘምት ገና ሆዴ ውስጥ ነበረች፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች። ስሟን ሰናይት አልኳት።

የምጽፍልህ ከብቸና አይደለም። ከመርዶህ በኋላ ያንን ቤት ብቻዬን ልችለው አልቻልኩም። ዝውውር ጠይቄ ሞጣ እናትህ ዘንድ ገባሁ፤ አሁን የማስተምረው እዚህ ነው። መጻሕፍትህን ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብሬ አመጣኋቸው። ኬላው ላይ ፈታሹ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ጤፉ ውስጥ ከቶ ነበር። አላገኛቸውም። ሽፋኑ የተገነጠለው ልብ ወለድህም አለ፤ አሁንም እንደ ድሮው መሀሉ ላይ ያንቀላፋኛል። አትቆጣ። አንተም ብትሆን ዘፈኖቼን አልወደድክልኝም። ሬዲዮኑን ከፍ ሳደርግ፣ ዘፈን ይለምናል፣ መጽሐፍ ግን ተቀምጦ ይጠብቃል ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዘፈን እጄ ሊጥ ውስጥ እያለ ይመጣልኛል፣ መጽሐፍህ ግን ሥራዬን ጥዬ ካልተቀመጥኩለት አያናግረኝም እልህ ነበር። ስንት እሑድ እንዲህ ተከራከርን!

ከሁሉ የበለጠ ያከራከረን ግን ፊልምህ ነው። ለኮርስ አዲስ አበባ በሄድክበት ክረምት አንድ ፊልም አየህ፤ ብቸና ሲኒማ ስለሌላት አንተው ሲኒማ ሆንክላት። ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቱ እየተሰበሰበ ያስተርክህ ነበር። ከጦርነት የሚመለሰው ወታደር፣ አንድ ዓይና ግራጫ ፈረሱ፣ የተቃጠለው ድልድይ፣ ወንዙን የፈረሱን ጭራ ይዞ ሲሻገር። መጨረሻውን ስትናገር ድምፅህ ዝቅ ይል ነበር። ሰውየው በዝናብ ቤቱ ይደርሳል። ሚስቱና ልጁ ማዕድ ቀርበው በመስኮት ያያቸዋል። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ይቆማል። አያንኳኳም።

ይኼን መጨረሻ ጠላሁት። የሚወድ ሰው ያንኳኳል ብዬ ተከራከርኩህ። ልትዘምት በዋዜማው እንኳ ይኼንኑ ስንጨቃጨቅ ነበር፤ ያን ቀን ሳትስቅ የመለስክልኝ አይረሳኝም።

«ሰው ካልጠሩት የገዛ ቤቱም የሰው ቤት ነው» አልከኝ።

ባለፈው ሰኔ ፊልም የሚያሳይ መኪና ሞጣ መጣ። ዝናብ ስለነበር ሜዳው ቀርቶ በቀበሌው አዳራሽ ይሁን ተባለ። ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነው፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ተወጥሮ፣ ሰናይትን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተመለከትኩ። መጀመሪያ ስለ ገበሬ ማኅበር የሚያወራ ታየ። ቀጥሎ አንድ ዓይና ግራጫ ፈረስ ብቅ አለ። ያንተ ፊልም ነበር። ድልድዩ፣ ወንዙ፣ የፈረሱ ጭራ፣ ሁሉም በተረክህልኝ ተራ መጣ። ዛፉን እየጠበቅሁ ትንፋሼን ያዝኩ።

ሰውየው ግን አንኳኳ። ሚስቱ ከፈተችለት፣ ገባ፣ አብረው በሉ፣ ሳቁ፣ አለቀ። ግቢ የለ፣ ዛፍ የለ።

ሕዝቡ ሲወጣ መኪናውን ይዞ የመጣውን ሰው ተቆርጦ የቀረ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁት። ይኼንኑ ፊልም ሉማሜና የጁቤ ከተሞችም ማሳየቱን፣ እኔ የምለውን ዓይነት መጨረሻ ግን አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ይኼን ያህል ዓመት በሌለ ነገር ተከራከርከኝ ማለት ነው ብዬ፣ እየተናደድኩም እየናፈቅኩህም ወደ ቤት ስንመለስ ሰናይት እጄን ሳበችኝ።

«እማዬ፣ ዛፉ ሥር የነበረው ሰውዬ ለምንድነው ያልገባው?»

ቆምኩ። ፊልሙን ለእሷ ተርኬላት አላውቅም፤ አፌ አይደፍረውም ነበር። የትኛው ሰውዬ አልኳት። ዝናብ ያራሰው፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ፣ ክርኑ በሰማያዊ ክር የተጣፈ ነው አለችኝ።

ምናለ፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር።

ሹራቡን የጣፍኩልህ እኔ ነኝ። ብቸና ገበያ አረንጓዴ ክር ጠፍቶ ሰማያዊ ስገዛ ስቀህብኛል፤ እሱኑ ለብሰህ ነው የሄድከው።

ለእናትህ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አልደነገጡም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለእኔ አንድም ቀን ያልነገርከኝን አወሩኝ። በልጅነትህ ሳትሰናበታቸው ለቅኔ ተሰደህ ኖሯል። ከዓመታት በኋላ በዝናብ ስትመለስ እራት ላይ ነበሩ። አንተ እዚሁ ግቢ ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ቆመህ ታያቸዋለህ፤ እሳቸው ውሃ ሊደፉ ሲወጡ ባጋጣሚ አዩህ፣ በስምህ ጠሩህ፣ ገባህ። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ በመጣህ ቁጥር ካልጠሩህ አትገባም ነበር አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኛ አለቀስንለት እንጂ ማን ጠራው?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አስከሬንህ አልመጣም። ፎቶግራፍህን ይዘን አለቀስን፣ ተዝካርህን አወጣን፤ ግባ ያለህ ግን አልነበረም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ፣ እራት ሲቀርብ፣ ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ። ወይራው ሥር ማንም አልነበረም። ከቅጠሉ ውሃ ይንጠባጠባል። አንድ ቦታ ላይ ግን፣ ሰው በሚቆምበት ስፋት፣ ጠብታው መሬት ሳይደርስ የሚቀር መሰለኝ። ፈራሁ። ባሌ ብትሆንም ፈራሁህ። ቢሆንም ለመመለስ እግሬ እንቢ አለኝ።

«ምናለ» አልኩ፤ «ግባ።»

በሩን ሳልዘጋ ገብቼ ተቀመጥኩ። እናትህ ዓይናቸውን ከማዕዱ አላነሱም። ሰናይት ግን ማንም ሳያዛት መደቡ ላይ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለች፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ባዶው ቦታ፣ እንግዳ ሲመጣ እንደምታፍረው፣ አንገቷን ሰበረች። ቀዝቃዛ የእርጥብ ሱፍ ሹራብ ሽታ አጠገቤ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ፍርሃቴ ተወኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰናይት ስለ ሰውየው ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ግን አንድ ነገር ቃል ገብቼልሃለሁ። እስከ ዛሬ ያስታወስኩህ አፌን ዘግቼ ነው፤ ቀበሌው ጦርነቱን ታማለች እንዳይለኝ፣ ልጅቷ እንዳይከፋት፣ እኔም እንዳላለቅስ። ከእንግዲህ ወዲህ ለልጅህ በየቀኑ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንተን እተርክላታለሁ። ስምህ በዚህ ቤት በሹክሹክታ አይጠራም።

ጥሩወርቅህ