ከኋላ የተገጨችው መኪና

እሑድ፣ መጋቢት 11 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ ለሚጢጢ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ደረጃ ስትወጣ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ፣ እንደ ልማዷ ከሰውም ከስፌት መኪናዋም ጋር ስትነታረክ ትውላለች። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ «መኪናዋ በሰላም ገባች» ብዬሽ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ስዘጋው የተቆጣሁ መስሎሽ ይሆናል። አልተቆጣሁም። የምለው ብዙ ሆኖብኝ አንደበቴ ተያዘ። አሁን ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁና የሆነውን ሁሉ ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ወረቀታችንን የምትጨርስልን ትራንዚተር «መኪናችሁ ከመርከብ ወርዳ ደረቅ ወደብ ገብታለች፤ ኑና ተረከቡ» ብላ ደወለች። ብቻዬን ልሄድ ነበር። እናትሽ ግን «የኔን ዩኒፎርም የምትጭን መኪና እኔ ሳላያት?» ብላ ከኔ ቀድማ አውቶቡስ መናኸሪያ ተገኘች። የተማሪ ዩኒፎርም በማዳበሪያ አስራ በሰው ትከሻ ስታስጭን ስንት ዓመቷ መሰለሽ! በመንገድ ላይ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ የላክሽልንን የመኪናዋን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየሁት። «ልጄ ናት የመረጠችልን። መኪና ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት አለ፣ እዚያ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። እናትሽ ወሬውን የሰማች አትመስልም፤ በመስኮት ታይ ነበር።

ወደቡ ላይ መኪናው እንደ ጥርስ ተደርድሯል። የኛዋን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አገኘናት፤ አቧራ ጠጥታለች፣ መስታወቷ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መኪና ላሜራ ስቀጠቅጥ ኖሬ፣ የራሴ የምለው ቁልፍ መዳፌ ላይ ሲቀመጥ ሁለት ሦስቴ እያገላበጥኩ አየሁት።

ደስታችን ግን ሩብ ሰዓት አልቆየም። አንድ ወጣት ፈታሽ የእጅ ባትሪ ይዞ መጣና የኋላውን በር ከፈተ፣ ምንጣፉን ገለበጠ፣ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ተቀይሯል።

«ይቺ አታልፍም» አለ።

«ምነው የኔ ልጅ?»

«ኋላዋ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። የሁለት መኪና ግማሽ አጋጥመው የሚልኩብን አሉ። ወይ ትመለሳለች ወይ ትጨፈለቃለች።»

እናትሽ እዚያው የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች። እኔ «እስቲ ልያት፣ ላሜራ ቀጥቃጭ ነኝ» ስለው ሳቀ። «ባለመኪናው እርስዎ፣ መርማሪውም እርስዎ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር። ደግነቱ ልጁ ክፉ አልነበረም። የወደቡን ጋራዥ ኃላፊ አስጠራልን፤ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው።

ሽማግሌው ሲባጎ አስመጡ። አንዱን ጫፍ ለኔ ሰጡኝ፣ አንዱን ራሳቸው ይዘው መኪናዋን ከጥግ ጥግ በሰያፍ ለካናት፣ ከዚያ በሌላው ሰያፍ። የጥፍር ያህል እንኳ ልዩነት የለም፤ የተቀጠለች ብትሆን ይዛነፍ ነበር! ማግኔት አስጠጉ፤ ጥብቅ ብሎ ያዘ። ስቱኮ ተለጥፎ የተደበቀ ነገር ቢኖር ማግኔቱ ይወድቅ ነበር። «ብረቱን ነው ያቀኑት» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ የውስጥ ሽፋኑን ፈታንና ባትሪውን አብርተን አየን።

ሚጢጢ፣ ያኔ ጎንበስ ብዬ ያየሁትን ልንገርሽ።

ማንም የማያየው የላሜራ ጀርባ ላይ፣ ሌላው ሰው እንደ ነገሩ ትቶት በሚሄደው ቦታ፣ የመዶሻው ምልክቶች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው ከዳር ጀምረው እየዞሩ ወደ መሃል ይሄዳሉ። ጎድጓዳን ከመሃሉ አትምቺው፣ ከዳር ዙሪው ብዬ ያስተማርኩሽ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሽ ነው። ይሁን፣ ሌላም ሰው እንዲህ ይሠራል። ግን ምልክቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዘመም ይላል፤ በግራ እጁ መዶሻ የያዘ ሰው ካልሆነ በቀር እንደዚያ አይመታም። ካንቺ ሌላ ከዳር እየዞረ የሚመታ ግራኝ በዕድሜዬ አላየሁም።

ጣቴን አስገብቼ ዳበስኩት። ጽሑፍሽን ያነበብኩ ያህል ሆነብኝ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁና «ይህን የሠራ ሰው ማነው? ጋራዤ ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ የለኝም» አሉ።

«ልጄ ናት» አልኩ።

ፈታሹም ትራንዚተሯም ዞረው አዩኝ። እናትሽ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ሴት ልጄ። ላሜራ ቀጥቃጭ ናት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አልኩ፣ እንደ ጋራዥ ሰው ጮክ ብዬ። የመጨረሻዋ ቃል እንኳ እውነት አልነበረችም። አስተምሬሽ ሳይሆን አስጀምሬሽ ነው የተውኩሽ።

ትራንዚተሯ «ቆይ፣ ቆይ» ብላ ወረቀቶቹን ታገላብጥ ጀመር። ከመጨረሻው ገጽ ላይ እኔ በማላነበው ቋንቋ የተጻፈ የጥገና ቅጽ አወጣችና «ከኋላ ተገጭታ የትኛው ክፍል እንደተጠገነ፣ ማን እንደሠራው ይላል» አለች። ከሥሩ የተፈረመው ያንቺ ፊርማ ነው። ሽማግሌው ከጎኑ የራሳቸውን ፊርማ አኖሩ። ፈታሹ ማኅተሙን ሲያሳርፍ ሰማሁት፤ ከዚያ የእናትሽን እጅ ይዞ አሳፈራት። ሽማግሌው በመስኮት ጎንበስ ብለው «ልጅዎን ሰላም ይበሉልኝ፤ ከአንድ ቀጥቃጭ ይበሉ» አሉኝ። አደራቸውን ይኸው አድርሻለሁ።

መንገዱን ግማሽ ያህል ነዳሁ። ሞተሯ ድምፅ የላትም። በኋላ እናትሽ «መቼ አወቅህ?» አለችኝ።

«ዛሬ። አንቺስ?»

«ከሄደች በሦስተኛው ወር። የሥራ ልብስ ለብሳ፣ ፊቷ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ፎቶ ልካልኝ ነበር።»

«አራት ዓመት ሙሉ ደብቀሽኝ!»

«አንተን ፈርታ ነዋ። ምን ታድርግ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? መኪናዋን ዳር አስያዝኩና ወረድኩ። ጎማ የማይ መስዬ ትንሽ ቆየሁ። አስራ ሰባት ዓመትሽ ላይ «አባዬ፣ ካንተ ጋር ልሥራ» ስትዪኝ፣ በሠራተኞቹ ፊት መዶሻውን ከእጅሽ ነጥቄ «የኔ ልጅ በዘይት ተጨማልቃ አታዋርደኝም» ያልኩሽ ትዝ አለኝ። እጅሽን ታጥበሽ ሄድሽ። በማግስቱ ለሂሳብ መዝገብ ያዥነት ትምህርት ተመዘገብሽ። ልጄ ታዛዥ ናት እያልኩ ለሰው ሳወራ ኖርኩ።

ያዋረደሽ ሥራው አልነበረም። ይህችን ታህል ጽፌ ልለፋት።

አሁን የጋራዡን ሁኔታ ላጫውትሽ። መኪናዋን ግቢው መሃል አቁሜ፣ የውስጥ ሽፋኗን ፈትቼ፣ ሠራተኞቹን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ። ቀጥሎ የጎረቤት ጋራዥ ሰዎች መጡ። ቦርጮ፣ ያ ምላሱ የማያርፈው ቀለም ቀቢያችን፣ ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ አይክፋዎትና ከርስዎ ትበልጣለች» አለኝ። ዱሮ ቢሆን መፍቻ እወረውርበት ነበር። ሻይ ጋበዝኩት። እናትሽ «ሽፋኑን መልስና ዩኒፎርሜን ልጫንባት፣ ኤግዚቢሽን አደረግኻት» ብላ እስክትቆጣ ድረስ አምስት ቀን ተከፍታ ቆመች። ትናንት የመጀመሪያውን ጭነት ትምህርት ቤት አደረሰች። ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሰላም ስትል ብታያት!

በይ፣ ጤናሽን ጠብቂ። ስትበይጂ መነጽርሽን አትርሺ፤ እኔ እየረሳሁ ነው ዓይኔ የደከመው። ትከሻዬም እንደ ዱሮው መዶሻ አያነሳልኝም፣ ግን ደህና ነኝ፣ አታስቢ። ፈጣሪ ሁለቱንም እጆችሽን ከክፉ ይሰውርልኝ። የነካሽው ሁሉ ይቃና። እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከግራው የኋላ ጎማ በላይ፣ ሁለቱ ላሜራዎች የሚገናኙበት ጠባብ ጥግ ላይ፣ መዶሻ አይገባም፣ እጅም አይገባም። ሞክሬ ሁለት ጣቴን ልጫለሁ። አንቺ ግን ከውስጥ መትተሽ አቅንተሽዋል። ምን አስገብተሽ መታሽው? ሳምንቱን ሙሉ ባስብ አልመጣልኝም። ጻፊልኝ። በጽሑፍ የማይገለጽ ከሆነም፣ መጥተሽ ብታሳዪኝ እማራለሁ።

አባትሽ